ሠላሳ ስምንት ሜትር ተኩል፦ የፈረንሳይ የቦይ ጀልባ የሥራ ዘመን

የፈረንሳይ ታላላቅ ወንዞች አቅጣጫቸው ለየቅል ነው። ሴይን ፓሪስን አቋርጦ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል፤ ሎዋር ወደ ምዕራብ ታጥፎ አትላንቲክ ይገባል፤ ሮን ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜዲትራኒያን ይነጉዳል። መንገዱ ጭቃ፣ ጋሪው ደካማ በነበረበት ዘመን እህሉም፣ ወይኑም፣ የማገዶ እንጨቱም በብዛት የሚጓጓዘው በውሃ ላይ ነበርና አንዱን ወንዝ ከሌላው ማገናኘት የነገሥታቱ ምኞት ሆኖ ኖረ። በዚህ ትረካ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1604 ንጉሥ ሄንሪ አራተኛና ሚኒስትራቸው ሱሊ የሎዋርን ወንዝ ከሴይን ጋር የሚያገናኘውን የብሪያር ቦይ አስጀመሩ። በሁለቱ ወንዞች መካከል ኮረብታ አለ። ኢንጂነሩ ኡግ ኮኒዬ ጀልባን ኮረብታ አውጥቶ በማዶ ማውረድ ነበረበት። ንጉሡ በ1610 ሲገደሉ ሥራው ተቋረጠ፤ ኮኒዬም ፍጻሜውን ሳያይ ሞተ፤ ቦዩ የተጠናቀቀው በ1642 ነው። ሮኚ በምትባለው መንደር የሠራቸው ሰባት ተከታታይ የውሃ በሮች፣ አገልግሎት መስጠት ካቆሙ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም፣ ዛሬም በቦታቸው ቆመው ይታያሉ።

የውሃ በር የምለው ፊትና ኋላው በመዝጊያ የሚዘጋ የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ከታች ትገባለች፤ ከኋላዋ ያለው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቃል። ገንዳው ሲሞላ ጀልባዋ ከነጭነቷ አብራ ትነሳለች፤ የፊተኛው መዝጊያ ተከፍቶ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ለመውረድ ደግሞ ውሃውን ማጉደል ነው። ሞተር ሳይኖር፣ ክሬን ሳይኖር በመቶ የሚቆጠር ቶን የሚያነሳው ውሃው ራሱ ነው። በዚሁ ዘዴ ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የጨው ግብር ሰብሳቢ ሀብቱን አፍስሶ፣ ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን የሚደርሰውን 240 ኪሎ ሜትር የሚዲ ቦይን ሠራ። ቦዩ በ1681 ተከፈተ፤ ሪኬ ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀድሞት ሞቷል።

የኢንዱስትሪው ዘመን ቦይ የሚጀምረው በሰሜን ነው። ናፖሊዮን በሚያዝያ 1810 የሳን ካንታን ቦይን መረቀ፤ በዚህም የሰሜኑ ጠፍጣፋ አገር ከፓሪስ ጋር በውሃ ተገናኘ። ቦዩ በሪክቫል በኩል ኮረብታውን ሰርስሮ የሚያልፍበት ዋሻ 5,670 ሜትር ይረዝማል። ዋሻው ጨለማ ነው፤ አየሩ የታፈነ ነው፤ የሚያንቀሳቅስ ሞገድም የለውም። መጀመሪያ ላይ ጀልባውን የሚጎትቱት ሰዎች ነበሩ፤ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በግድግዳው ጥግ ባለች ጠባብ መንገድ አጎንብሰው፣ ግማሽ ቀን ያህል እየተሳቡ። በኋላ ፈረሶች፣ ከዚያም እንፋሎት ተሞከረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎታች ጀልባ መጣ፤ ከቦዩ ወለል ላይ የተዘረጋውን ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሰንሰለት ከፊቱ እያነሳ፣ ከኋላው እየጣለ፣ ጀልባዎችን አሰልፎ ይጎትታል። የሞተር ጀልባዎች ዘመን ከመጣ በኋላም ዋሻው ውስጥ ሞተር ማስነሳት አልተፈቀደም፤ ጭሱ ሰው ይገድላልና።

ሰው ጀልባ የሚጎትተው በዋሻ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ፈረስ መግዛትም መከራየትም ያልቻለ ጀልበኛ ጠፍሩን ደረቱ ላይ አስሮ ራሱ ይጎትት ነበር፤ ሚስቱም ከጎኑ፣ ልጆች ካሉም ከኋላቸው። ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነሱ ፎቶግራፎች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ወደ ፊት ተዘንብላ፣ የጫነች ጀልባ የምትስብ ሴት ያሳያሉ። ቆማ የቀረች ጀልባ ለማስነሳት ሰው ክብደቱን ሁሉ ጠፍሩ ላይ ጥሎ መጠበቅ አለበት፤ ጉልበቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረች በኋላ ግን ውሃው ያግዛል።

በ1876 ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከወዳጁ ጋር በታንኳ ከአንትወርፕ ተነስቶ በቤልጅየምና በሰሜን ፈረንሳይ ውሃዎች ተጓዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም የጀልበኞችን የተረጋጋ ኑሮ አደነቀ። እርሱ ያየውን አልክድም፤ ዝግታው እውነት ነው፣ አረንጓዴው ዳርቻም እውነት ነው። ነገር ግን መንገደኛ የሚያየው የምትንሸራተተውን ጀልባ ነው፤ ጠፍሩ ደረት ላይ የሚተወውን ሰምበር ለማየት ግን አብሮ መጎተት ይጠይቃል።

ስቲቨንሰን በታንኳ ባለፈበት ዘመን እያንዳንዱ ቦይ የየራሱ ልክ ነበረው። ከአንዱ ቦይ የሚያልፍ ጀልባ የሌላው በር ላይ ሲደርስ አይገባም፤ ጭነቱን አውርዶ በሌላ ጀልባ ማስጫን ግድ ይሆናል። ባቡሩ ደግሞ በዚህ መካከል ደንበኛውን ሁሉ እየወሰደ ነበር። በ1877 የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሆኖ የተሾመው ሻርል ደ ፍሬሲኔ በሙያው ኢንጂነር ነበር። በ1870 ከፕሩሺያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከፖለቲከኛው ጋምቤታ ጎን ሆኖ ጦር ሲያደራጅ የሠራ፣ ሽንፈቱንም ያየ ሰው ነው። አገሪቱን በባቡር፣ በወደብና በቦይ መልሶ ለማቆም ትልቅ ዕቅድ አወጣ። የዚያ ዕቅድ አካል የሆነው የነሐሴ 5 ቀን 1879 ሕግ ዋና የሚባሉት ቦዮች ሁሉ አንድ ልክ እንዲኖራቸው አዘዘ፦ የውሃ በሩ ርዝመት 38.50 ሜትር፣ ስፋቱ 5.20 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 2 ሜትር፣ ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ 3.70 ሜትር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቦዮቹ ላይ የሚከፈለው የመተላለፊያ ቀረጥ ተነሳ።

ልኩ የተወሰደው የሰሜኑ ሰው ከሚጠቀምበት ጀልባ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ በሩን ልክክ ብላ ትሞላዋለች፤ ርዝመቷ 38 ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዷ 5 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር። ከግድግዳው የሚቀራት በየጎኑ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ውሃው ጥልቀት ከ250 እስከ 350 ቶን ትጭናለች። በእኛ አገር ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን የጭነት መኪና ብናስብ፣ አንዲት ሙሉ ፔኒሽ የዘጠኙን ያህል ጭነት ለብቻዋ ትሸከማለች ማለት ነው። ፔኒሽ ፈረንሳዮቹ የሚጠሩበት ስሟ ነው።

የእኔ እምነት የፈረንሳይ ጀልበኞች ታሪክ ሁሉ ከዚህ ልክ ይመነጫል የሚል ነው። ሚኒስትሩ የወሰነው የጭነት ማመላለሻን መጠን ነው፤ ሳያስበው ግን የአንድ ሕዝብን ጎጆ ስፋት፣ የገቢውን ጣሪያ፣ የጋብቻውንና የልጆቹን ዕጣ አብሮ ወሰነ። ልኩ ውስጥ የገባ ቦይ ሠርቶ በላ፤ ያልገባው ተረሳ። የቤሪ ቦይ በሮች ወርዳቸው 2.70 ሜትር ብቻ ነበር፤ ጠባቦቹን ጀልባዎች አህያና በቅሎ እየጎተታቸው ኖረው በ1955 ቦዩ ለአገልግሎት ተዘጋ።

የመጀመሪያዎቹ ፔኒሾች ከወይራ ለማይተናነስ ጥንካሬው በተመረጠ የባሉጥ እንጨት ተሠርተው በቅጥራን የተለበጡ ነበሩ፤ እየቆዩ በዝርግ ብረትና በሪቬት በተገጣጠሙ ተተኩ። ታቻቸው ጠፍጣፋ፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ ነው። ከርዝመቱ አብዛኛው የጭነት ቦታ ነው። መኖሪያው ከኋላ በኩል ያለች ጠባብ ክፍል ናት፦ የግድግዳ አልጋ፣ የከሰል ምድጃ፣ ቁም ሳጥን፣ በስስ መጋረጃ የተሸፈነች ትንሽ መስኮት። ጌጡ ናስ ነው፤ ሴቶቹ ናሱን በየቀኑ ይወለውሉታል። የራሳቸው ፈረስ የነበራቸው ደግሞ ጋጣውን ጀልባዋ መካከል ላይ ይሠሩለታል። ፈረሱ ቀን በዳርቻው መንገድ ይጎትታል፤ ማታ በድልድይ ሳንቃ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ጀልባዋ ላይ ያድራል።

ሁለት ፈረሶች የሚስቧት የተጫነች ፔኒሽ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ባል ከፈረሱ ጋር በዳርቻው ይሄዳል፤ ሚስት ኋላ ቆማ ረዥሙን የመሪ እንጨት በወገቧ ትገፋለች። ሕፃኑ መራመድ ከጀመረ በገመድ ወገቡ ታስሮ ከወለሉ ላይ ካለ ቀለበት ጋር ይያያዛል፤ ገመዱ የሚለካው እስከ ጠርዙ እንዳያደርሰው ተደርጎ ነው። በርካታ ቤተሰብ ልጅ በውሃ አጥቷልና ይህን ገመድ ማንም እንደ ጭካኔ አያየውም።

የሥራው ፈተና የሚለየው የውሃው በር ላይ ነው። 300 ቶን ያህል የጫነች ጀልባ ፍሬን የላትም። ሴትየዋ የጀልባዋን አፍንጫ በሩ መካከል ላይ ማነጣጠር አለባት፤ ሰባት ሳንቲሜትር ከሳተች ድንጋዩ ይቀበላታል። ፈረሱ ቀድሞ ይቆማል፤ ገመዱ ይላላል፤ ጀልባዋ ግን በራሷ ክብደት መንሸራተቷን ትቀጥላለች። ይህን ጊዜ ባል ወይም ከፍ ያለ ልጅ የማቆሚያ ገመዱን ይዞ ወደ ዳርቻው ይዘላል፤ ከድንጋይ ወይም ከብረት በተሠራው አጭር ምሰሶ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጥመውና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ገመዱ ምሰሶው ላይ እየተፋተገ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ይጨሳል። ቶሎ ካሰረው ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ገመድ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል። ካዘገየ ደግሞ ጀልባዋ የፊተኛውን መዝጊያ ትገጫለች፤ መዝጊያው ከተሰበረ መስመሩ በሙሉ ለቀናት ይዘጋል። ልክ ሲያደርገው ጀልባዋ መዝጊያውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት ትቆማለች። በረኛው ወይም የበረኛው ሚስት ወጥተው የብረት እጀታውን ያዞራሉ፤ ውሃው ይገባል፤ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ እንቁላልና አትክልት ይገበያያሉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ በር። ከማርን እስከ ራይን በሚዘረጋው ቦይ ላይ በመጀመሪያ የነበሩት እንዲህ ያሉ በሮች ከ170 ይበልጡ ነበር፤ በቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 189 አሉ። ከአሮጌዎቹ ድልድዮች ጠርዝ ላይ የመጎተቻ ገመድ በመቶ ዓመት የቦረቦረው ጎድጓዳ መስመር እስከ ዛሬ በጣት ይዳሰሳል።

ዋናው ጭነት ከሰል ነበር። ከሰሜኑ የኖርና ፓ ደ ካሌ ማዕድን በየቦዩ ዳር በተሠራ መጫኛ ከሰሉ በብረት አሸንዳ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርዳል፤ አቧራው መስኮቱን፣ አልጋውን፣ የሕፃኑን ጡጦ ሳይቀር ያጠቁራል። ፓሪስ ደርሶ ይራገፋል፤ ሲመለሱ አሸዋ ወይም ጠጠር ይገኛል፤ ወይም እህል ይገኛል። እህል ከተገኘ የከሰሉን ትቢያ ጠርገው፣ አጥበው፣ አድርቀው ማቅረብ የቤተሰቡ ፈንታ ነው። ለዚህ ጽዳት የሚከፍል የለም። ሚስት መሪ ትይዛለች፣ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ታበስላለች፣ ትወልዳለች፤ ደመወዝ ግን የላትም፤ የጭነቱ ኪራይ የሚጻፈው በባል ስም ነው። ልጆች ጀልባዋ በቆመችበት ከተማ ይወለዳሉና የወንድምና የእህት የትውልድ ቦታ የተለያየ ነው። በ1882 የወጣው ሕግ ትምህርትን ግዴታ ቢያደርገውም፣ ዛሬ እዚህ ነገ ማዶ የሚያድር ልጅ የት ሄዶ ይማራል? በርካቶች ፊደል ሳይቆጥሩ አደጉ። ለእነርሱ የሚሆን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈትላቸው ደግሞ ሌላ መከራ መጣ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ይገባል፣ ወላጆቹ የሚያገኙት ጭነቱ ወደዚያ ሲያደርሳቸው ነው።

ጋብቻም በዚያው ክበብ ውስጥ ነበር። ዳርቻ ላይ የሚኖረው ገበሬ ጀልበኛን እንደ ዘላን ያየዋል፣ ዶሮ ከጠፋ በእርሱ ያሳብባል። ጀልበኛም ልጁን ለገበሬ መስጠት አይወድም፤ መሪ መያዝ የማታውቅ ሚስት ለጀልባ አትሆንምና። እንዲህ እየተጋቡ፣ ጀልባ ከአባት ለልጅ እየተላለፈ፣ ሙሉ ወገን ሆኑ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በሰሜን ቦዮች ዳር ፈረስን በኤሌክትሪክ የመተካት ሙከራ ተጀመረ። በኋላ ሐዲድ ተዘረጋ፤ በላዩ ትንሽ ሳጥን የምትመስል ጎታች እየሄደች ገመዱን ትስባለች። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከወዲያና ከወዲህ የመጡ ሁለት ጎታቾች መተላለፍ አይችሉም፤ ስለዚህ ሾፌሮቹ ገመዶቻቸውን ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱም የሌላውን ጀልባ ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከዚያ 1914 መጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግንባር ቦዮቹን አቋረጠ። በ1908 መቆፈር የጀመረው የኖር ቦይ ሳያልቅ ቀርቶ፣ ደረቁ ጉድጓድ የጦር ምሽግ ሆነ፤ በመስከረም ማብቂያ 1918 የካናዳ ጦር በከባድ ውጊያ ተሻገረው። የሪክቫልን ዋሻ ጀርመኖች ይዘው ፔኒሾችን ወደ ውስጥ አስገብተው የወታደር ማደሪያ አድርገዋቸው ነበር። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ 46ኛ ክፍለ ጦር የሳን ካንታንን ቦይ ሰብሮ አለፈ። ከግንባሩ ጀርባ ደግሞ እንግሊዞቹ ፔኒሾችን ተንሳፋፊ ሆስፒታል አደረጓቸው። ከሰል የሚጫንበት ሆድ ታጥቦ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ 30 አልጋ ተደረደረበት። ደረቱን ወይም ጭንቅላቱን የቆሰለ ሰው በተቦረቦረ መንገድ በመኪና ከሄደ ይሞታል፤ ጀልባ ግን አታንገጫግጭም። በዝግታዋ ስትናቅ የኖረች ጀልባ በዝግታዋ የሰው ነፍስ አተረፈች።

ሰላም ሲመለስ ሰሜኑ ፍርስራሽ ነበር፤ በሮች ፈርሰዋል፣ ድልድዮች ቦይ ውስጥ ወድቀዋል፣ ጀልባዎች ሰጥመዋል። ቀስ በቀስ ተጠገነ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የናፍታ ሞተር ገባ። ሞተር የገዛው ጀልበኛ ፈረስና ጎታች መጠበቅ ቀረለት፤ ዕዳ ግን ገባ። ሞተር የሌለው ሁለት ቀን የሚፈጅበትን እርሱ በአንድ ቀን ይጨርስና ጭነቱን ይወስድበታል። በዚህ ላይ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ኪራዩ ወደቀ። ጀልበኞቹ በ1930ዎቹ በተደጋጋሚ ፔኒሾቻቸውን ከዳር እስከ ዳር አሰልፈው ወንዙን ዘጉ። በፋብሪካ አድማ የሚመታ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ይገባል፤ እነዚህ ግን ያገዱበት ዕቃ ቤታቸው ነበር፤ ምግብ እያበሰሉ፣ ልጅ እያስተኙ ነው ወንዙን የዘጉት።

ከዚያ ትግል የተገኘው ዋና ውጤት የተራ ሥርዓት ነው። ጀልበኛ ወደብ ደርሶ ጭነቱን ሲያራግፍ በመንግሥት የሚተዳደረው የጭነት ቢሮ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል። በተወሰነ ሰዓት ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ የመጡት ጭነቶች ከነመድረሻቸውና ከነኪራያቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ይመርጣል። አልፈልግም ካለ ለቀጣዩ ያልፋል። ኪራዩ የተወሰነ ስለሆነ ድሃው ከሀብታሙ ጋር በዋጋ ፉክክር አይወድቅም። ሥራ ሲጠፋ ወረፋው ሳምንታት ይወስድ ነበር፤ ቢሆንም ማንም ማንንም አይቀድምም። እኔ ይህን ሥርዓት ጀልበኞቹ በጋራ ከተከሉት ሁሉ የበለጠው ብዬ አምናለሁ።

ኦዋዝ ወንዝ ከሴይን ጋር በሚገናኝበት በኮንፍላን ሳንት ኦኖሪን ደግሞ አባ ዦዜፍ ቤላንዤ የተባሉ ካህን በ1919 ከአርማታ የተሠራች፣ 70 ሜትር የምትረዝም ጀልባ አግኝተው በ1930ዎቹ አጋማሽ ቤተ ክርስቲያንና የመረዳጃ ማዕከል አደረጓት። ስሟ ዠ ሴር ነው፤ አገለግላለሁ ማለት ነው። ጀልበኛው ወረቀቱን የሚያጽፍበት፣ ጥምቀቱንና ሠርጉን የሚያደርግበት ቦታ ሆነች። በ1934 ደግሞ ዣን ቪጎ ላታላንት የተሰኘውን ፊልሙን አወጣ፤ የጀልባ አዛዥ ያገባች የገጠር ልጅ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ፓሪስን ስትናፍቅ ያሳያል። ቪጎ በዚያው ዓመት በ29 ዓመቱ አረፈ። ስለ ጀልበኞች ከተሠራው ሁሉ ክፍሏን በትክክለኛ ጥበቷ ያሳየ እርሱ ነው።

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትይዝ ሂትለር እንግሊዝን በባሕር ለመውረር አሰበና ከጀርመን፣ ከሆላንድ፣ ከቤልጅየምና ከፈረንሳይ 2,400 ያህል የቦይ ጀልባዎች ወደ ባሕር ወደቦች እንዲሰበሰቡ አዘዘ። አፍንጫቸው ተቆርጦ ታንክ የሚወርድበት መወጣጫ ተገጠመላቸው። ቦይ ላይ የሚሄድ ጠፍጣፋ ጀልባ የባሕር ማዕበልን እንዴት ይቋቋማል? የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደቦቹን ደበደቡ፤ ወረራውም ተሰረዘ። ጀልባውን የተነጠቀው ቤተሰብ ግን ቤቱንም፣ ሥራውንም፣ ቅርሱንም በአንድ ቀን አጣ።

ከጦርነቱ በኋላ አገር የሚገነባበት ከሰል፣ ሲሚንቶና ጠጠር ስለተፈለገ ጥቂት ደህና ዓመታት ተገኙ። ውድቀቱ የመጣው ጮክ ብሎ አይደለም። በ1960 መንግሥት የከሰል ምርትን የመቀነስ ዕቅድ አወጣ፤ ነዳጅ ረከሰ፤ አውራ ጎዳናዎች ተዘረጉ። ከ1908 ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረው የኖር ቦይ 95 ኪሎ ሜትር ሆኖ በ1965 ተከፈተ። በአርዝቪለር በ1969 የተከፈተው ተንሸራታች ማንሻ ጀልባን ከነውሃው 44 ሜትር ከፍ እያደረገ 17 የውሃ በሮችን አስቀረ። ድንቅ ሥራ ነው፤ የተሠራው ግን ለዚያው ለ38 ሜትር ተኩል ጀልባ ነበር፤ በራይን ላይ በዚያን ጊዜ ከሺህ ቶን በላይ የሚጭኑ ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዳርቻው ጎታቾች ቆሙ፤ ሐዲዱ ተነቀለ። በ1879 እንጀራ የከፈተው ልክ አሁን ማነቆ ሆነ። ሁለት ሰው የምትፈልገው ፔኒሽ 350 ቶን ስትጭን፣ ትልቁ ጀልባ በጥቂት ሰው ሺዎችን ይጭናል።

በ1989 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የጀልባ ብዛት ይቀነስ ብሎ ጀልባውን ለቆራጭ ለሚያስረክብ ባለቤት ገንዘብ የሚከፈልበትን ደንብ አወጣ። አባቱ በዕዳ የገዛትን፣ እርሱ የተወለደባትን ጀልባ በጋዝ እሳት ሲቆርጧት ቆሞ ያየ ጀልበኛ ብዙ ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን 1990 ኦኚ ላይ የኖርና ፓ ደ ካሌ የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ ተዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ባወጣው መመሪያ መሠረት ደግሞ የተራው ሥርዓት በ2000 መግቢያ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኪራይ በስምምነት ነው፤ ሰሌዳውም ወረደ።

ዛሬ ፈረንሳይ 8,500 ኪሎ ሜትር ያህል ጀልባ የሚሄድበት ውሃ አላት፤ ከዚህ 6,700ውን የሚያስተዳድረው በ1991 የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ነው። በርካታ ፔኒሾች መኖሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ቲያትር ሆነዋል። እህልና ጠጠር የሚጭኑ አሁንም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን እየሳሳ ነው። በሰሜን 107 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 54 ሜትር የሆነ፣ እስከ 4,400 ቶን የሚያሳልፍ አዲስ ቦይ እየተቆፈረ ነው። አንዱ ጭነት የአሥራ ሁለት ፔኒሽ ጭነት ይሆናል። ግንባታውን አልቃወምም፤ ጭነት ከመኪና ወደ ውሃ መመለሱ መልካም ነው። ሆኖም ትልቁ ቦይ ትናንሾቹን አይተካም፤ የገጠሩ የእህል ጎተራ፣ የትንሿ ከተማ ወደብ ያሉት በአሮጌው ልክ መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ሣርና ደለል ሲውጠው ዝም ብሎ ማየት ትልቅ ጥፋት ነው።

ፓሪስና አካባቢዋ የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ አንባቢዎች ከሳን ላዛር ጣቢያ በባቡር ወደ ኮንፍላን ሳንት ኦኖሪን ጎራ በሉ። ከወንዙ በላይ ባለው ኮረብታ የጀልበኞች ሙዚየም አለ። ከታች ዠ ሴር ታስራለች፤ ለችግረኞች ምግብ ታቀርባለች፣ ባለፉት ዓመታትም ከቲቤት የመጡ ስደተኞችን አስጠልላለች። ዳርቻው ላይ ጡረታ ወጥተው በጀልባቸው የሚኖሩ አዛውንቶች ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ የፈረሱን ዘመን አላዩትም፤ የሰሌዳውን ዘመን ግን ሠርተውበታል። ጊዜ ሰጥታችሁ ጠይቋቸው፤ ይህን ሥራ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።